ሁለት አገር በሁለት ጆሮዋ

ከተማው ሁሉ «ወይዘሮ ሃሎ» ነበር የሚላት። መዝገብ ላይ የሰፈረ ደህና ስም አላት፤ ግን ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ባሏ ብቻ ናቸው፤ ባሏም ቢሆን ካልተቆጣ በስሟ አይጠራትም። ሴትዮዋ ለሁሉም ነገር መልሷ «ሃሎ» ነው። በር ሲንኳኳ ሃሎ፣ የጥርስ ሐኪሙ «አፍሽን ክፈቺ» ሲላት ሃሎ፣ ጠዋት ባሏ ሲቀሰቅሳት ደግሞ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሃሎ፣ ከማን ጋር ላገናኝ?»። ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ክፍሉ ፖስታ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ መስኮት አለው፤ እሱም ወደ ባቡር ጣቢያው ያያል። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው የእንጨት ማዞሪያ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ከየቀዳዳው በላይ ምስር የምታክል መብራት አለች። መብራቷ ስትበራ ገመዱን ትሰካለች፣ ማንን እንደሚፈልጉ ትጠይቃለች፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ተፈላጊው ቀዳዳ ውስጥ ትሰካለች፤ ከዚያ ሰዎቹን ለጉዳያቸው ትታ ወደሚቀጥለው ትዞራለች። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ሁለት ካልሲ ደርባ ነው የምትሠራው።

ከጀርባዋ ባለው ጠረጴዛ የክፍሉ ኃላፊ ይቀመጣሉ። እሳቸውን ደግሞ ከተማው «አቶ አንቀጽ» ይላቸዋል፤ ያለ አንቀጽ አያስነጥሱማ። «መስኮቱን ልክፈተው?» ብትላቸው መጀመሪያ መሳቢያቸውን ከፍተው ደንቡን ያያሉ። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ደንቡ የፈቀደውን ነገር ሲያደርጉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ይበራል።

ወይዘሮ ሃሎ የዚህች ትንሽ አገር ተወላጅ አይደለችም። የተወለደችው ከወንዙ ማዶ፣ በትልቁ አገር ነው። ሰዓት ሠሪው ባሏ የተወለደችበትን ከተማ የጣቢያ ሰዓት ሊጠግን ሄዶ የሁለት ቀን ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሰዓቱ እስከ ዛሬ አምስት ደቂቃ ይዘገያል፤ እሱ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም።

እዚያ ማዶ ሁለት ታላላቆች አሏት። የበኩሩ ልጅ፣ እሷ «ጋሼ» የምትለው፣ በላይኛው ክፍል ትልቁ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነው። መካከለኛዋ፣ «እትዬ»፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሦስቱም በተወለዱበት ቤት፣ በታችኛው ክፍል፣ ቀርታለች። አባታቸው ከላይኞቹ ወገን ነበሩ፣ እናታቸው ከታችኞቹ። በዚያ ቤት ስድቡ በአባት ቋንቋ፣ ማባበሉ በእናት ቋንቋ ነበር፤ ልጆቹም ሁለቱን እየቀላቀሉ አደጉ እንጂ ስፌቱ የቱ ጋ እንደሆነ አያውቁትም ነበር።

ኋላ ያ ትልቅ አገር ፈረሰ። ስለ አፈራረሱ ወፋፍራም መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ጻፊዎቹም እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ለነዚህ ሦስት ልጆች ግን ነገሩ የጀመረው በአንድ ቅጽ ነው። «ወገንዎ የትኛው ነው?» የሚል ቅጽ በየቤቱ ታደለ፤ መልስ መጻፊያው ቦታ ለአንድ ቃል ብቻ የሚበቃ ነበር። ጋሼ የአባቱን ጻፈ። እትዬ የእናቷን ጻፈች። ሁለቱም ከዚያ ቀን በፊት አስበውበት አያውቁም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃታቸው። ጋሼ «ያን ቤት ዘግተሽ ወደኔ ነይ» ብሎ ጻፈላት። እትዬ «የማን ቤት ነውና ነው የምዘጋው?» ብላ መለሰች። ታችኞቹ የራሳችን መንግሥት አቆምን አሉ፣ ላይኞቹ እኛ እያለን አይሞከርም አሉ፣ መድፍ መጣ፣ ወንድምና እህትም ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በዚያ ዓመት ግን ሣሩ ክፍል አከራየ። ትንሿ የድንበር ከተማ በጋዜጠኛ ተጥለቀለቀች፤ ፀጉር አስተካካዩ «ከኋላ ይጠርልህ?» የሚለውን በአራት ቋንቋ ለመደ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለስደተኞች ተሰጠና ልጆቹ በፈረቃ ይማሩ ጀመር። ታዛቢ የተባሉ የሩቅ አገር ሰዎች በነጭ መኪና እየተመላለሱ ወንዙን አዩት፣ ወንዙም አያቸው። ታላላቆቹ መንግሥታት በየሆቴሉ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ለአዲሱ አገር እውቅና ሰጠ፣ ሌላው ነሳ፣ ሦስተኛው ሰኞ ሰጥቶ ሐሙስ ቆጨው። ስኳር ከላይኛው ክፍል መምጣቱን ትቶ በሦስት አገር ዞሮ መምጣት ጀመረ። ካርታ አታሚዎች ብቻ ነበሩ ያለ ሐሳብ የበለጸጉት።

ወይዘሮ ሃሎ ጋ ያለው ጣጣ የመጣው ሁለቱ ጠበኞች በመካከላቸው ያለውን የስልክ መስመር ሲቆርጡ ነው። ላይኛው ወደ ታችኛው፣ ታችኛው ወደ ላይኛው መደወል ቀረ። ሁለቱም ግን ወደ ትንሿ አገር መደወል ይችላሉ። ሰው ደግሞ መላ አያጣም፤ «እባክሽን የኔ እመቤት፣ ልጄ ማዶ ነው፣ ቀጥይልኝ» የሚል ልመና ማዞሪያውን አጨናነቀው። መንግሥታቱ ነገሩ ሸተታቸውና ደብዳቤ ላኩ። የሁለቱ ደብዳቤ ከማኅተሙ በቀር ቃል በቃል አንድ ነበር፤ ጸሐፊዎቹ አብረው የተማሩ ሳይሆኑ አይቀሩም። የጠላትን መስመር ከኛ ጋር ያገናኘ፣ የሱም መስመር ይቆረጣል የሚል ነው። ትንሽ አገር ምን አቅም አላት? ወዲያው አንቀጽ አሥራ አራት ወጣ፤ ከውጭ የመጣ ጥሪ ለሌላ የውጭ መስመር አይሰካም።

አንቀጹ በወጣ በማግስቱ ሁለት መብራት እኩል በራ። በታችኛው መስመር አንዲት እናት ልጃቸውን ይጠይቃሉ፤ በላይኛው መስመር ያው ልጅ እናቱን ይጠይቃል። ወይዘሮ ሃሎ በሁለት እጇ ሁለት ገመድ ይዛ ወደ ኋላ ዞረች።

«መሰካት ተከልክሏል» አሉ አቶ አንቀጽ፣ ገና ሳትጠይቃቸው።

«መናገርስ?» አለች።

ደንቡን አወጡ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ፊታቸውም ያን የሙሽራ ብርሃኑን አበራ። «ስለ መናገር የተጠቀሰ የለም» አሉ። «ያልተከለከለ ደግሞ ተፈቅዷል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወይዘሮ ሃሎ ሁለት ማዳመጫ ማድረግ ጀመረች፤ በቀኝ ጆሮዋ ላይኞቹን፣ በግራ ጆሮዋ ታችኞቹን። ገመድ ከገመድ አልተገናኘም፣ አንቀጽ አልተጣሰም። በቀኝ የሰማችውን ለግራ ትናገራለች፣ በግራ የሰማችውን ለቀኝ። መጀመሪያ ላይ «እናትህ እንዲህ ይላሉ» እያለች ነበር፤ ግን ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው፣ ያም መግቢያ ደቂቃውን በላው። በሳምንቱ ተወችውና እንደ ባለቤቱ መናገር ጀመረች። ጺሙን ላጎፈረ ታንከኛ «ልጄ፣ ደረትህን ሸፍን» ትላለች፤ ለእናቱ ደግሞ «እሺ እማዬ፣ ሸፍኛለሁ»። ሁለት ጡረተኛ ዳኞች በቀን አንድ አንድ እርምጃ እየላኩ ቼዝ ይጫወታሉ፤ እሷ ቼዝ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ግን «ንጉሥህን ጠብቅ» ስትል ሰውየው ላብ ያጠምቀዋል። ይህ ሁሉ የሚነገረው የባቡር መድረሻ ሰዓት በሚነገርበት ድምፅ ነው።

አንድ ቀን ባሏ ምሳዋን ይዞላት ሲመጣ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሚስቱ ፊቷን ሳትቀይር «ናፍቀሽኛል፤ ያላንቺ ቤቱ ቤት አልሆነም» እያለች ነበር።

«እኔን ሃያ ሰባት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ያልሽኝ ‹በሩን ዝጋ› ብቻ ነው» አላት ስትጨርስ።

«አንተ ደውለህ አታውቅም» አለችው።

በዚህ ሥራዋ የምትኮራበት አንድ ነገር ነበራት፤ ቃል አትጨምርም፣ ቃል አትቀንስም። ስድብም ቢሆን ስድብ ሆኖ ይደርሳል። አንዲት አማት ለምራታቸው ሁለት ደቂቃ ተኩል የፈጀ እርግማን ሰጥተዋት ሁሉንም አድርሳ ውሃ ጠጥታለች። የሰው ቃል አደራ ነው ትል ነበር፤ አደራ በላ ከመባል ደግሞ መደንቆር ይሻላል። በዚህ ኩራቷ ማንም ሊነቀንቃት አይችልም ነበር፤ የገዛ ወንድምና እህቷ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እስኪደውሉ ድረስ።

እትዬ ስልክ የላትም፤ ከከተማዋ ፖስታ ቤት ተሰልፋ ነበር የደወለችው። ጋሼ ከመምህራን ክፍል ነው። ከቅጹ ወዲህ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ወይዘሮ ሃሎ ደስ ብሏት ሁለቱንም ጆሮዎቿን አዘጋጀች።

በቀኝ ጋሼ፣ «ንገሪያት» አለ። «ነይ ብያት ነበር። የመረጠችውን ትቻለው በያት።»

በግራ እትዬ፣ «ንገሪው» አለች። «መድፈኛ የሆኑት ተማሪዎቹ ጂኦግራፊ ጎበዞች ናቸው። ጣራችንን በመጀመሪያው ጥይት ነው ያገኙት። እኔ የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ባልሆን ኖሮ እኔንም ያገኙኝ ነበር በይው። የቀረው ጥቁር ግድግዳ ነው።»

ወይዘሮ ሃሎ የተወለደችበት ቤት መቃጠሉን የሰማችው በዚህ ዓይነት ነው። እንዳታለቅስ ሁለት ሰው መስመር ላይ ይጠብቃታል። ይህን ለጋሼ ብታደርስ እሱ የሚመልሰውን ታውቀዋለች፤ ያን ለእትዬ ብታደርስ ከእንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው አይነጋገሩም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ አፏ ከልቧ ቀድሞ ሄደ።

ለቀኙ፣ «ደህና ነኝ ጋሼ። ቤቱም ደህና ነው» አለችው።

ለግራው፣ «አዝኛለሁ እህቴ። ይህ ነገር ይለፍ እንጂ ጣራውን በገዛ እጄ እሠራልሻለሁ» አለቻት።

 በግራ እትዬ፣ «እንደዚያ አለ?» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። ማልቀሷ ተሰማ። በቀኝ በኩል ጋሼ፣ «ምን እያለች ነው?» ይላል። ጉንፋን ይዟት ነው፣ ሰላም ብላሃለች አለችው። ሦስት ደቂቃው አለቀ፣ አደራም ተበላ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ደወሉ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ። ሁለቱም በየበኩላቸው ለስለስ አሉ፤ ግን የሚለሰልሱት ሌላው ላላለው ነገር ነበር። እትዬ ስለ ጣራው መጠየቅ አበዛች፤ ሸክላ ይሻላል ወይስ ቆርቆሮ ትላለች። ጋሼ በበኩሉ የድሮው ቤት ትዝታ ተነሣበት፤ ግድግዳውን የሚወጣው የወይን ተክል አፈራ ወይ ይላል። አፈራ አለችው። ታዲያ ማርማላታ ይሠራልኝና ይላክልኝ አለ። ወይዘሮ ሃሎ ከገበያ ወይን ገዝታ፣ ቀቅላ፣ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ሞልታ በታዛቢዎቹ ነጭ መኪና ላከችለት። ከቤታችን ወይን ሌላ እንዲህ የሚጣፍጥ የለም ብሎ አስተላለፈ። ለእትዬ ደግሞ ግራጫ የካፖርት ጨርቅ በጋሼ ስም ላከችላት። ልብስ ሰፊ ናትና ጨርቁን በሁለት ቀን ካፖርት አደረገችው፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጨርቅ መምረጡም ገርሟት ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የወይዘሮ ሃሎ ግን እያደር ከበደ። ዛሬ የተናገረችውን ለቅዳሜ እንዳትረሳ በሁለት ደብተር ጻፈችው፤ አንዱ ለቀኝ ጆሮ፣ አንዱ ለግራ። ባሏ ሁሉንም ያውቃል። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላታል፤ እሷም አንተ ሰዓትህን ጠግን ትለዋለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ትፈራ ነበር፣ ከልቧ ትፈራ ነበር። የገነባችው ሰላም ሁሉ ምሰሶው እሷ ናት። አንድ ቀን እውነቱ ሲወጣ ሁለቱ ለዘላለም ይለያያሉ፤ እሷም ሁለቱንም ታጣለች።

በሦስተኛው ዓመት ጦርነቱ አለቀ። በሩቅ አገር ሆቴል ስለ ጠረጴዛው ቅርጽ አሥራ አንድ ቀን ተከራክረው ፊርማውን በአራት ደቂቃ ጨረሱት። ሁለቱ አገሮች አዲስ አዲስ የስልክ መለያ ቁጥር ተሰጣቸው፤ መስመሩም ተከፈተ። አቶ አንቀጽ አንቀጽ አሥራ አራትን በቀይ ብዕር፣ በማስመሪያ ሰረዙት። ዳኞቹ ቼዙን በአካል ሊጨርሱ ተቀጣጠሩ። ከተማው ሁሉ ሲደሰት ወይዘሮ ሃሎ ብቻ ወገቧን ያዘች፤ ምክንያቱም ጋሼና እትዬ እንገናኝ ብለዋል። አንዳቸው ወደ ሌላው አገር ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወደ ትንሿ አገር ግን ሁለቱም ያለ ፈቃድ ይገባሉ። ስለዚህ እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ቤት።

ጋሼ ቀድሞ ደረሰ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እትዬ ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ ገባች። በሩ ላይ ተያዩ። መተቃቀፍ እንዳለባቸው ሁለቱም ያውቃሉ፣ ማን ይጀምር የሚለው ግን ጨነቃቸው፤ በመጨረሻ እንደ ሹማምንት ተጨባብጠው ተቀመጡ።

መነጋገር ደግሞ አልቻሉበትም። እትዬ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ወንድሟን ትታ ወደ ታናሿ ዞራ፣ «ደህና ነው?» አለቻት። ወይዘሮ ሃሎም ከልምድ የተነሣ፣ «ደህና ነኝ ይላል» አለች። ሰዓት ሠሪው ሾርባው ትን ብሎት ከጠረጴዛው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሃሎ አፏን አልከደነችም። ስለ መጋረጃው አወራች፣ ስለ ድንቹ ዋጋ አወራች፣ ስለ ጎረቤቷ ጉልበት አወራች፤ ቤት የሚለው ቃል እንዳይነሣ እንጂ ለሌላው ግድ አልነበራትም። ግን ሰው ይተነፍሳል፤ እሷ ስትተነፍስ ጋሼ ጋዜጣውን ፈታ።

ታጥቦ የጸዳውን ጠርሙስ ወደ እህቱ ገፋ አደረገላት። «ይኸው፣ እንደገና እንድትሞይልኝ አጥቤ አምጥቼዋለሁ» አላት። «ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ ማርማላታ በልቼ አላውቅም።»

እትዬ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። «የምን ማርማላታ?»

«የወይናችን ነዋ። የግድግዳው።»

ጠርሙሱን አስቀመጠችና የካፖርቷን እጅጌ ያዘች። «ይህን ጨርቅ የላክልኝ አንተ ነህ?»

«የምን ጨርቅ?» አለ ጋሼ።

ሁለት ራስ እኩል ወደ ወይዘሮ ሃሎ ዞረ። ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ለዚህ ቀን ስንት ነገር ተለማምዳ ነበር፤ አንዱም ትዝ አላላትም።

«ወይኑ ተቃጥሏል ጋሼ» አለች። «ቤቱም ተቃጥሏል፣ በናንተ መድፍ። እትዬ፣ እሱ አልሰማም፤ ይቅርታም አላለም፣ ጣራም እሠራለሁ አላለም። እኔ ነኝ። አንቺም ሰላም ብለሽው አታውቂም፣ እኔ ነኝ። ማርማላታው ከገበያ ነው።»

ጋሼ አፈጠጠባት። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያወራሁት ከማን ጋር ነው?»

«ከኔ ጋር» አለች።

እትዬ ተነሣች። የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፣ አወለቀችው፣ እንደ ሙያዋ እጅጌውን በእጅጌው ላይ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። የሚቀጥለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀች። ወይዘሮ ሃሎ ይህን ጊዜ ነበር ስትፈራው የኖረችው፤ ይኸው መጣ።

ጋሼ ግን አውቶቡስ የሚለውን የሰማም አይመስልም። «መቼ?» አለ። «ቤቱ መቼ ነው የተመታው?»

እትዬ ወደ ታናሿ ዞረች። «ምን አለ?»

ወይዘሮ ሃሎ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። «እኔ አልናገርም» አለች። «የሁለት አገር ሰው ቃሉን ሰጥቶኝ አንድም አላጎደልኩም። የናንተን ብቻ ነው የበላሁት። ከእንግዲህ የራሴን እንጂ የማንንም አልናገርም። እሱ እዚሁ ነው፤ አንቺም ጆሮሽ ደህና ነው።»

ወደ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ባሏ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ የድስት ክዳን ይዟል። ዝም አይነቅዝም ብሎ አንሾካሾከላት። በሩ ስስ ሳንቃ ነው፣ ማዶ ያለው ዝምታ ሳይቀር ይሰማል። ቆይቶ እትዬ ወሩንና ቀኑን ተናገረች። ጠዋት ነበር አለች፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

«ክፍል ውስጥ ነበርኩ» አለ ጋሼ። ድምፁ ወረደ። «የወንዞችን ስም እያስጠናሁ። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ልጆቹ ደነገጡ። አትፍሩ፣ የኛው ነው፣ ወደዚያ ነው የሚሄደው አልኳቸው። ወደየት እንደሚሄድ ካርታው ጀርባዬ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁም።»

ከዚያ እትዬ ፈነዳች። ወይዘሮ ሃሎ በየቅዳሜው ቆርጣ ያስቀረችው ሁሉ፣ ያ የጎበዝ ተማሪዎች ነገር ጭምር፣ ሳይጎድል ወጣ። ጋሼም መለሰ። ጥለሽን ቀረሽ አለ፤ ጥለኸን ሄድክ አለች። በአባታቸው ቋንቋ ተሰዳደቡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተከማቸ ስድብ፤ ስለ ተሰበረ ብስክሌትም ተነሣ። ወይዘሮ ሃሎ የሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀምጣ እንባዋ ይፈስሳል፣ አፏ ይስቃል። ባሏ ምን እንደሚያስቃት ቢጠይቃት፣ ራሳቸው ናቸው እኮ አለችው፣ እርስ በርሳቸው ነው የሚነጋገሩት።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። ሾርባው ሁለት ጊዜ ሞቆ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና እትዬ፣ «ጣራውስ?» ስትል ተሰማ።

«የምን ጣራ?»

«እሠራልሻለሁ ያልከው።»

«እኔ መቼ አልኩ? እሷ ናት ያለችው።»

«እሷ እንዳለችውማ ሰማሁ። አንተ ትላለህ ወይ ነው የምልህ።»

 «እኔ እኮ ሚስማር መምታት አልችልም» አለ ጋሼ።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ምን ብሎ እንደመለሰላት ወይዘሮ ሃሎ አልሰማችም፤ ሰዓት ሠሪው ጆሮውን ሊያስጠጋ ሲል የድስቱን ክዳን ለቀቀው። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ እንደዚያ ቀን መስመር ተቋርጦባት አያውቅም፤ ባሏንም እንደዚያ ቀን ለመምታት አስባ አታውቅም። ስትወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። እትዬ ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች፤ እጇን ግን አላስገባችም። ማንም ምንም አላላት፣ እሷም አልጠየቀችም። ሾርባውን ለሦስተኛ ጊዜ አሞቀችና ጠጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን እስከ ወንዙ ኬላ ሸኘቻቸው። ኬላው ገና ቀለሙ ያልደረቀ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ውስጡ ዩኒፎርሙ ያልለመደው ወጣት ሠራተኛ አለ። እትዬ ወደ አገሯ ስለሆነ ወዲያው አለፈችና ከመንገድ መዝጊያው ግንድ ማዶ አውቶቡሱ ዘንድ ቆመች። ጋሼ ተወልዶ ያደገበት ከተማ ለመግባት ቅጽ መሙላት ነበረበት።

«የመጡበት ምክንያት?» አለ ወጣቱ።

ጋሼ ከልምድ ወደ ወይዘሮ ሃሎ ዞረ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ጫማዋን ታያለች።

«ጣራ» አለ ጋሼ።

«ጣራ የሚባል የለም አባቴ» አለ ወጣቱ፣ ቅጹን እያሳየው። «ንግድ አለ፣ ሕክምና አለ፣ ጉብኝት አለ፣ ቤተሰብ አለ። ከነዚህ አንዱን ነው የሚመርጡት።»

ጋሼ ብዕሩን አነሣ። ጉብኝት የሚለው ላይ አደረሰው፣ መለሰው። ቤተሰብ የሚለው ላይ አደረሰው፤ እዚያም እጁ ቆመ፤ ቀና ብሎ ወደ መዝጊያው ማዶ አየ። መፍራቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። የወይዘሮ ሃሎ አፍ ላይ አንድ ቃል ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

እትዬ ከአውቶቡሱ ተመልሳ መጣች። በመዝጊያው ላይ አጎንብሳ ክንዷን ዘረጋችና ብዕሩን ከወንድሟ እጅ ወሰደችው። የካፖርቷ እጅጌ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ቤተሰብ ነው ልጄ፣ ማኅተሙን ምታልን» አለችው ወጣቱን፣ ምልክቱን እያደረገች። «ሳምንት ብቻ እንዳትሰጠው ደግሞ፤ ሥራው ብዙ ነው።»